ባሕሩ በየትኛው «ሀ» ነው የሚመጣው?

ጋሽ ዘውዴ ማረፋቸውን የነገሩኝ ጋሽ መላኩ ናቸው። ሲያትል አጠገብ ኬንት በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ አንድ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ተጋድሞ፣ እኔ ምራቅ መምጠጫውን ቱቦ ይዤ ቆሜ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንዘረዘር ጀመር። ጋሽ መላኩ በሥራ ሰዓት የሚደውሉ ሰው አይደሉም። ቱቦውን ለዶክተሩ አስይዤ ወጣሁ።

«ያ ፊደል የማያውቅ ሰውዬ ጥሎን ሄደ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ።

እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ለቅሶው የመጣው ኋላ፣ መኪናዬ ውስጥ ነው። ሁለቱን ሽማግሌዎች የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሰምቶ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ይህን የምጽፈውም የማያውቃቸው እንዲያውቃቸው ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያን ሰፊ ውሃ አንዴ «ባህር»፣ አንዴ «ባሕር» እያልኩ እጽፈዋለሁ። ተሳስቼ አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው። አራሚ እጁን እንዳያስገባበት አደራ እላለሁ።

ጋሽ ዘውዴ አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሲሄዱ ከኋላ የሚገፋቸው ያለ ይመስል ወደ ፊት የሚያዘነብሉ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ ሳሉ ታፔላ ጸሐፊ ነበሩ። የፀጉር ቤት፣ የሥጋ ቤት፣ የልብስ ስፌት ቤት ታፔላ በብሩሽ ሲጽፉ ጎልምሰው፣ ሲያትል መጥተው ደግሞ ሶዶ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዱ ጡረታ ወጡ። ዓይናቸው ግን ጡረታ አልወጣም። አብረን ስንሄድ የሐበሻ ምግብ ቤት ማስታወቂያ ካዩ መኪናውን ያስቆሙኛል። «ያንን ‹ጠ› ተመልከቺልኝ፤ ወገቡ ተሰብሯል እኮ። ምን በደለው?» ይላሉ። ሆድ ያለው ፊደል ይወዳሉ፤ እግር ያበዛውን አያምኑትም። «ሌላው ሰው ፊደል ያነባል፤ እኔ ፊደል አያለሁ» የሚሉት ነገር ነበራቸው።

ከባህር ጋር የተዋወቁት በስኳር በሽታ ሰበብ ነው። ሐኪማቸው በእግር ይሂዱ ስላላቸው፣ ልጃቸው ማህሌት አንድ የሰመር ጠዋት አልካይ የሚባለው ዳርቻ አውርዳቸው ወደ ሥራዋ ሄደች። ጋሽ ዘውዴ ቀና ብለው ቢያዩ ባሕሩ የለም። ከመኪና ሆነው ሁልጊዜ የሚያዩት ውሃ ቦታ ላይ ጭቃ፣ ድንጋይና ሣር የመሰለ አረንጓዴ ነገር ተዘርግቷል። ደነገጡና ለልጃቸው ደወሉ።

«ማሂ፣ ውሃው ሄዷል። ለማን ነው ሪፖርት የሚደረገው?»

«ዳዲ፣ ኢትስ ጀስት ሎው ታይድ» ብላ ዘጋችው።

ጋሽ ዘውዴ ሎው ታይድ የሚባለው ሰውዬ ያን ሁሉ ውሃ ምን ሊያደርግበት እንደወሰደው እያሰቡ ቆመው ሳለ፣ ሰማያዊ ሰደርያ የለበሰች ሊንዳ የምትባል አሜሪካዊት መጣች። ሊንዳ ለዳርቻው ጎብኚዎች ስለ ባህር ፍጥረታት የሚያስረዳ አንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አስተባባሪ ናት። ጨረቃ ውሃውን እንደምትስበው፣ ከሰዓት በኋላም ተመልሶ እንደሚመጣ በእጇ እያሳየች አስረዳቻቸው። አላመኗትም። ማህሌት ልትወስዳቸው ስትመጣ «ሳይመለስ አልሄድም» ብለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ውሃው ተመለሰ። በማግስቱም መጥተው አዩት፤ በሳልስቱም። በዓመቱ ያን ሰማያዊ ሰደርያ ራሳቸው ለብሰውት ነበር።

እኔን የያዙኝ በፋሲካ ሰሞን አንድ ግብዣ ላይ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሰውም ብዙ አላውቅም። ሳህኔን ይዤ ጥግ ላይ ቆሜ ሳለ አጠገቤ መጡ።

«ካር አለሽ?»

«አለኝ።»

«እንግሊዝኛስ?»

«ሥራዬን እሠራበታለሁ።»

«በቃ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቦት ጫማ ይዘሽ ፒክ አድርጊኝ። ሳይንቲስት ሆነሻል።»

ሰመር ሲመጣ ጋሽ ዘውዴ ሐበሻውን ከኬንትም ከታኮማም ለቃቅመው ዳርቻው ላይ ያሰልፉታል። ራሳቸው ዋና አይችሉም፤ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ውሃ አስነክተው አያውቁም። ሕጋቸው ግን ጥብቅ ነው። ድንጋይ ከማንሳታቸው በፊት ጎንበስ ይሉና እንደ እንግዳ «ቤቶች!» ይላሉ። ትንሽ ይጠብቃሉ። ከዚያ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው አንስተው፣ ሥሩ ያለውን አሳይተው፣ እንደነበረ ይመልሱታል። ሳይመልስ የሚሄድ ካገኙ፣ «የሰው በር ከፍተህ ትሄዳለህ?» ብለው ይቆጣሉ። አማርኛ ሲናገሯቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱት ልጆች እንኳ «ቤቶች»ን ከሁሉ ቀድመው ያዟት። ዳርቻው በሙሉ «ቤቶች! ቤቶች!» ሲል የሰማችው ሊንዳ የእንስሳው ስም መስሏት ለሌሎች ጎብኚዎች ስትናገር ደርሼባታለሁ።

ትልልቆቹ ግን ያላቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ታኮማ የሚኖሩት እትዬ የሺ፣ ጉብኝት እምብዛም የማያመልጣቸው ሴት፣ ገና ድንጋዩ ሳይነሳ ይጀምራሉ።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ይሄ ይበላል?»

«ይበላል። ከበላሽው በኋላ ግን እኛ ንፍሮ እንበላለን።»

«ያኛውስ?»

«እሱንም ብይው። አርባሽን ጥሩ አድርገን እናወጣለን።»

«አይ፣ ለጾም ይሆናል ወይ ለማለት ነው እንጂ!»

ይህን ጊዜ ሌላው ይገባበታል። ሸርጣን ዓሣ ነው፣ አይደለም። ደም አለው፣ የለውም። ዓሣስ ቢሆን ለጾም ይበላል ያለው ማነው? ክርክሩ ሳያልቅ ውሃው መጥቶ ያስነሳናል። ደግሞ አንድ ረጅም አንገቱን ከዛጎሉ አውጥቶ የሚያንጠለጥል ነገር አለ፤ ፈረንጆቹ ጉዊዳክ ይሉታል። ጋሽ ዘውዴ ሴቶች ባሉበት እሱ ዘንድ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «የዚህ ስሙ ይቅር» ብለው ያልፋሉ። እስከ ዛሬ በእኛ ዘንድ ስሙ «ስሙ ይቅር» ነው።

ለሌሎቹ ግን ስም አወጡላቸው። ለምን ራሳቸው እንዳወጡ ለመረዳት ጋሽ መላኩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጋሽ መላኩ አገር ቤት የአማርኛ መምህር ነበሩ፤ እዚህ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ በፀሐይም በዝናብም ሱፋቸውን የማያወልቁ፣ ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪፕቶ የማይጠፋ ሰው። ከጋሽ ዘውዴ ጋር ሲያትል እንደገቡ አንዲት ክፍል ተከራይተው በደባልነት ኖረዋል፤ ከዚያ በኋላም አልተለያዩም ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት የማኅበረሰቡ ሰዎች ዳርቻው ላይ የቤተሰብ ቀን አዘጋጁ። ጋሽ ዘውዴ ሰፊ ጨርቅ ላይ በብሩሽ «የባህር ዳር ቀን» ብለው ጽፈው ሰቀሉ። ሰው ከቦ ያደንቃል። ጋሽ መላኩ መጡ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ቀይ እስክሪፕቷን መዘዙ። «ህ»ን ሰረዙና በላይዋ «ሕ» ጻፉ። በዚህ ቢበቃቸው ምንም አልነበረም። የመምህርነት አመል ሆነባቸውና ጨርቁ ጥግ ላይ 9/10 ብለው ማርክ ሰጡ።

ጋሽ ዘውዴ ብሩሻቸውን ጠቅልለው ሄዱ። አራት ዓመት አኮረፉ።

ክርክሩ ግን በሰው በኩል ቀጠለ። ጋሽ መላኩ ለሰማቸው ሁሉ፣ «ሐመሩ ሐ ነው! ሐመር ማለት መርከብ ነው፤ ሐመረ ኖኅ ሲባል አልሰማችሁም? ባሕር ያለ መርከቡ ይጻፋል እንዴ?» ይላሉ። ጋሽ ዘውዴ ደግሞ አሸዋው ላይ በጣታቸው ሁለቱንም ይጽፉልኛል። «እዪ። ሀ ጎድጓዳ ነው፤ አፉ ወደ ላይ ነው፤ ውሃ ይይዛል። ሐ ግን ድፍት ብሎ በሦስት እግሩ የቆመ በርጩማ ነው። እስቲ በርጩማ ላይ ውሃ ቅጂበትና እንየው።»

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የዳርቻው ፍጥረታት የእንግሊዝኛ ስማቸው አብዛኛው በ«ሲ» ይጀምራል፤ ሲ ስታር፣ ሲ አኔመኒ፣ ሲ ኪውከምበር። ቃል በቃል ቢተረጎሙ ሁሉም «የባሕር» ምንትስ ሊሆኑ ነው። ጋሽ ዘውዴ ደግሞ ያቺን ቃል ሁለተኛ ሰው ፊት ላይጽፉ ምለዋል። ስለዚህ ለሁሉም አዲስ ስም ሰጡ። ድንጋይ ላይ ተለጥፎ፣ በሩን ዘግቶ፣ ውሃ እስኪመጣለት የሚጠብቀው «ደጅ ጠኚ» ተባለ። የሌላውን ቅርፊት ቤቱ አድርጎ የሚኖረውና ሲጠበው የሚለቀው ትንሹ ሸርጣን «ደባል»። ወደ ጎን የሚሄደው ትልቁ ሸርጣን «አሽሙረኛ»። ሲያስደነግጡት ሆድ ዕቃውን የሚተፋው ደግሞ «ሆዱ የማይችል»። ባለ አምስት ክንዱን ኮከብ፣ የተዘጋ ዛጎል ላይ ቁጭ ብሎ እስኪከፈትለት ድረስ ሳይቸኩል ስለሚጎትት፣ «ሽማግሌ» አሉት።

«ግን እኮ ከተከፈተለት በኋላ ይበላዋል፣ ጋሽ ዘውዴ» አልኳቸው።

«የኛስ ሽማግሌ ሳይበላ ይወጣል?»

እንደ አበባ ተከፍቶ ቆይቶ ጣት ሲነካው ጥቅልል የሚለውን «አኩራፊ» ብለው ሰየሙት። አንዲት ሕፃን ነክታው ሲዘጋባት ደንግጣ፣ «ኢዝ ሂ ማድ አት ሚ?» ብትላቸው፣ «ኖ፣ ማይ ዶተር። ሂ ኢዝ አኩራፊ» ብለው አጽናኗት። ሊንዳ ስሞቹን እንድተረጉምላት ለመነችኝ። «ደጅ ጠኚ»ን ለማስረዳት፣ ጌታ ቤት በር ላይ በየቀኑ እየቆሙ ጉዳይ መጠበቅን፣ እጅ መንሳትን፣ ዛሬ አይመችም ተብሎ መመለስን ሁሉ ስነግራት ቆየሁ። በመጨረሻ ፊቷ በራ። «አህ፣ ላይክ ዘ ዲኤምቪ!» አለች፤ ወረፋው የማያልቀውን የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ማለቷ ነው።

ስሞቹ ከዳርቻው አልፈው ሰው ቤት ገቡና ጠብ ጫሩ። እትዬ የሺ አሽሙረኛ የተባልኩት እኔ ነኝ ብለው ተቀይመው ጠፉ። ሲመለሱ፣ «እኔ አሽሙር አላውቅም። አንዳንድ ሰው ግን በሸርጣን አሳቦ ሰው መናገር ይችላል» አሉ፣ ወደ ጋሽ ዘውዴ ሳያዩ። ጋሽ መላኩ ደግሞ «አኩራፊ» የሚል ስም መውጣቱን ሲሰሙ፣ «ያኮረፈው ማን ሆነና?» ማለታቸው ተወራ።

እንዲህ እያለን ሊንዳ አንድ ቀን ዜና ይዛ መጣች። ዳርቻው መግቢያ ላይ በየቋንቋው ሰሌዳ ሊተከል ነው፤ ለአማርኛም ቦታ ተይዟል። ርእሱን ጋሽ ዘውዴ በእጃቸው ይጽፉታል፤ ከሥር ያለው ማብራሪያ በኮምፒውተር ይታተማል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ማብራሪያውን የታወቀ አስተርጓሚ አይቶ ይፈርምበታል። ሰመሩ እስኪያልቅ ካልተፈረመ ቦታው ለሌላ ቋንቋ ይሰጣል። ማኅበሩ የሚያውቀው የአማርኛ አስተርጓሚ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። «ሚስተር ሜላኩ» ብላ ስታነብልን ጋሽ ዘውዴ የቦት ጫማቸውን ጭቃ ይፍቁ ጀመር።

ስመልሳቸው መንገድ ተዘጋግቶ ብዙ ቆምን። «አዲስ አበባ የጻፍኳቸው ታፔላዎች ከነሱቆቻቸው ፈርሰዋል» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «ወንድሜ ዞሮ ፈልጎልኝ ነበር። አንድም የለም። ይኼ አንዱ ቢቆምልኝ ምናለ?» ቀልድ የሌለበት ድምፃቸውን ያን ቀን ነው የሰማሁት። 

«ታዲያ ኮል ያድርጉላቸዋ፣ ጋሽ ዘውዴ።»

«እኔ? የሰረዘው ይደውል እንጂ!»

እኔው ደወልኩ። ጋሽ መላኩ ሲሰሙኝ ቆይተው፣ «ያላየሁትን አልፈርምም» አሉ። «የማልኩት መሐላ አለ። እያንዳንዱን ፍጥረት ከነስሙ በዓይኔ አየዋለሁ። አንቺ ታሳዪኛለሽ። ሰውየው ግን እንዳያናግረኝ።»

«እሳቸውም አያናግሩዎትም» አልኳቸው።

«ጥሩ» አሉ፣ ቅር እያላቸው።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ መላኩ በሱፍና በክራባት፣ የተወለወለ ጫማቸውን በገበያ ፌስታል ጠቅልለው መጡ። ጋሽ ዘውዴ ሰማያዊ ሰደርያቸውን ለብሰው ይጠብቃሉ። በመካከላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ነበር፤ እዚያ ላይ እኔ ቆምኩ።

«ጠይቂው» አሉ ጋሽ መላኩ። «ሸርጣን የሚባል ያማረ ስም እያለው አሽሙረኛ ምን አመጣው?»

«ሸርጣንነቱን እናቱም ታውቃለች በይው። እኔ አመሉን ነው የጻፍኩት።»

«እሺ፣ ‹አሽሙረኛው ሸርጣን› ይባል በይው።»

«እሺ በይው።»

እኔ አንገቴን ብቻ ወዲያና ወዲህ አዞራለሁ። ደባሉ ዘንድ ስንደርስ ጋሽ መላኩ አጎንብሰው ብዙ አዩት። ትንሹ ፍጡር ቤቱን ተሸክሞ ዱብ ዱብ ይላል። «ኩሽናውን ማን እንደሚያጸዳ ጠይቂልኝ» አሉ። ጋሽ ዘውዴ ፊታቸውን አዞሩ። ትከሻቸው ሲርገፈገፍ አየሁ፤ ሳቃቸውን ለማፈን ጉንጫቸውን ነፍተው ነበር።

የመጨረሻው አኩራፊው ነው። ጋሽ መላኩ ረጅም ጣታቸውን ሰድደው ነኩት። ጥቅልል አለ።

«ካልነካኩት፣ ውሃ ሲመጣለት ራሱ ይከፈታል በይው» አሉ ጋሽ ዘውዴ።

«ስንት ጊዜ ይፈጅበታል በይው።»

«እንደ አነካኩ ነው በይው።»

ጋሽ መላኩ ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ወደ ውስጥ ዘልቃ ከቆመች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ የማብራሪያውን ወረቀት ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ያዙ። እኛ ወደ ዳር ወጣን። ማንበብ ከጀመሩ የሚሰሙ ሰው አይደሉም። ውሃው ደግሞ ሰዓቱ ደርሶ ቀስ እያለ ይመለሳል። ድንጋይቱን በግራ ዞራት፣ በቀኝ ዞራት።

«ባህሩ እየመጣ ነው በይው» አሉ ጋሽ ዘውዴ።

ጮኼ ነገርኳቸው።

ጋሽ መላኩ ቀና እንኳ አላሉም። «በየትኛው ሀ ነው የሚመጣው በይው!»

ጋሽ ዘውዴ እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ለማንም ምንም ሳይሉ ውሃው ውስጥ ገቡ። ያ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ሰው እስከ ጉልበቱ ገባ። ቦት ጫማቸው በላይ በኩል ውሃ ሲጠጣ ይሰማኛል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አልለየሁም። ድንጋይቱ ጋ ደርሰው የጋሽ መላኩን የሱፍ እጅጌ ጨመደዱና ጎተቷቸው። ጋሽ መላኩ ወረቀቱን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው፣ ፌስታሎቻቸው ውሃ ሞልተው እየተንቦጫረቁ ተከተሏቸው። ዳር ሲደርሱ እጅጌው ተለቀቀ። ሁለቱም እንጨት ላይ ተቀምጠው አንዱ ቦቱን፣ አንዱ ፌስታሉን ደፋ።

«አመሰግናለሁ በይው» አሉ ጋሽ መላኩ።

«ወረቀቱ ረጠበ ወይ በይው።»

«አልረጠበም በይው።»

ከዚያ ወዲያ ሁሉም በየራሱ ሆነ። ማብራሪያውን እኔ ጋሽ ዘውዴ ባዘዙኝ ሀ ተይቤው ነበር፤ ጋሽ መላኩ ፈርመው በቀጥታ ለሊንዳ ላኩት። ርእሱን ጋሽ ዘውዴ ቤታቸው ዘግተው ሲጽፉ ሰነበቱና፣ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በአውቶቡስ ወሰዱት። ላድርስዎት ብላቸው አሻፈረኝ አሉ፤ አሳዩኝ ብላቸውም አላሳዩኝም።

ሰሌዳው የተመረቀ ዕለት ሐበሻው እስከ እትዬ የሺ ድረስ ተገኝቷል። ሊንዳ ጨርቁን ገለጠችው። ከላይ በትልቁ፣ በዚያ በሚያምር የታፔላ እጅ «የባሕር ዳር ጎረቤቶች» ይላል። ሕ ሦስት እግሩን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጋሽ መላኩ ጮክ ብለው ማንበብ ጀምረው እዚያ ፊደል ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ጋሽ ዘውዴ ደግሞ ጎንበስ ብለው ከሥር በደቃቁ የታተመውን እያነበቡ ነበር። እዚያ «ባህር» ይላል፤ አንዴ አይደለም፣ በመጣበት ቦታ ሁሉ። ቀይ እስክሪፕቶ አልነካውም።

ሁለቱም እኩል ቀና አሉ።

«ተሳስተሃል» አሉ ጋሽ ዘውዴ። «እንዴት ዝም ብለህ ታልፈዋለህ? አራሚ አይደለህም እንዴ?»

«አንተም ተሳስተሃል። በርጩማ ነው፣ ውሃ ያፈሳል ስትል አልነበር?»

እኔ መሐላቸው አልነበርኩም። አራት ዓመት ሙሉ በሰው አፍ ሲመላለሱ የኖሩ ሰዎች ፊት ለፊት ነው የሚነጋገሩት።

«ስንት ትሰጠኛለህ?» አሉ ጋሽ ዘውዴ።

ጋሽ መላኩ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ዘጠኝ።»

«አንዱስ?»

«አንዱን ስላኮረፍክ።»

ጋሽ ዘውዴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መለሱላቸው፣ ጋሽ መላኩም ከፍ አደረጉ፣ ተያይዘው እየተጨቃጨቁ በዳርቻው ሄዱ። ሊንዳ ተጨንቃ ክንዴን ያዘችኝ። «አር ዴይ ፋይቲንግ?»

«የስ» አልኳት። «ፋይናሊ።»

ከዚያ በኋላ ዝም ያሉበትን ቀን አላስታውስም። ጋሽ መላኩ ቦት ጫማ ገዙ፤ ከሱፍ ጋር ነው የሚያደርጉት። አንዱ ሲያስረዳ አንዱ ያርማል፤ ጎብኚው ከፍጥረቱ ይልቅ እነሱን ለማየት ይመጣ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል በገቡ ጊዜም ክርክሩ አልጋቸው አጠገብ ቀጠለ። ነርሷ ታማሚው ዕረፍት ያስፈልገዋል ብላ ጋሽ መላኩን ብታስወጣቸው፣ ታማሚው «እሱ ካልገባ መድኃኒት አልውጥም» ብለው አስመለሷቸው።

ከቀብሩ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የሊንዳ መልእክት ደረሰኝ። ሰሌዳውን ፀሐይ ስላደበዘዘው እንደገና ሊታተም ነው። አንድ አማርኛ የሚያነብ ጎብኚ ደግሞ አንዱ ቃል በሁለት ዓይነት ፊደል መጻፉን ጠቁሟል። ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ አስተርጓሚው ይንገረንና ሌላውን እናርመው ትላለች።

መልእክቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ጋሽ መላኩ አሁን የሚከራከራቸው የለም። አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ ለዘላለሙ በእሳቸው ያልቃል፤ ያውም ልክ ናቸው፣ መጽሐፉም የሚለው እሳቸው እንደሚሉት ነው። ከሥር ያለው ቢታረም ግን፣ እነዚያ ሁለት ሰዎች አንዱ ለአንዱ ምን እንዳደረገለት የሚያሳይ ምንም ነገር አይቀርም።

ዳርቻው ላይ አገኘኋቸው። ውሃው ርቆ ሄዷል። መልእክቱን አነበብኩላቸው። ቀይ እስክሪፕቷን ከኪሳቸው አወጡ፣ ክዳኗን ከፈቱ፣ ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆሙ። ከዚያ ክዳኗን መልሰው ገጠሙ።

«ሀው ውሃውን ይያዝ» አሉ። «ሐው ደግሞ እሱን ያሻግርልኝ።»

ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እኔም የራሴን በእጅጌዬ።

«ታዲያ ይህን ለሊንዳ በእንግሊዝኛ እንዴት አድርጌ ልንገራት፣ ጋሽ መላኩ?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲያሻግሩ የኖሩት ሰው አሰቡ፣ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ አይተረጎምም» አሉ።

ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አንዱንም እንዳትነኩት ብዬ ጻፍኩላት።